ለሙስጠፋ ጣቶች የተፈለገ ሞተር

ሰርግ ቤት ውስጥ ማንም ስሙን የማይጠይቀው አንድ ሰው አለ። ሙሽሮቹን ሁሉም ያውቃቸዋል፣ ዘፋኟ ትሸለማለች፣ ድንኳን ተካዩ እንኳ ይመረቃል፤ ከሚክሰር ኋላ ተቀምጦ የድምፁን ልክ የሚጠብቀው ሰው ግን እንደ ወጥ ጨው ነው፤ ትዝ የሚለን ሲበዛ ወይም ሲጎድል ብቻ ነው። ስፒከሩ ሲያፏጭ ሰርገኛው በሙሉ ዞሮ በዓይኑ ይገርፈዋል። «ዛሬ እኮ አላፏጨም፣ እግዜር ይስጥልን» ብሎ የሄደ ሰው ካጋጠማችሁ ንገሩኝ። እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን አላጋጠመኝም።

እኔና ሙስጠፋ ይህን ስም የለሽ ሥራ ይዘን አሶሳ ውስጥ አርጅተናል። እኔ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ በመጡ ሰዎች መንደር ያደግሁ ነኝ፤ እሱ ደግሞ የዚሁ አገር ልጅ፣ በርታ ነው። ስንጀምር ንብረታችን አንድ ቀንድ ስፒከር፣ አንድ የመኪና ባትሪና አንገቱ በፕላስተር የታሰረ ማይክራፎን ነበር። አይሱዙ ላይ በጭነቱ መሃል ተቀምጠን፣ አቧራ ለብሰን ባምባሲ ወይም መንጌ ስንደርስ የመንደሩ ሰው ከሙሽራው አስበልጦ ይቀበለን ነበር። ሚክሰሩን የሚይዘው ሙስጠፋ ነው። ጣቶቹን ፌደሮቹ ላይ፣ ማለትም ድምፅ ከፍና ዝቅ በሚያደርጉት ተንሸራታች ቁልፎች ላይ ጣል ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ በኋላ ጉንፋን የያዘው ዘፋኝ እንኳ ማር ይሆናል። ያ ዘመን ይናፍቀኛል። ምን አሳፈረኝ፣ በጣም ነው የሚናፍቀኝ።

አምና አንድ ሰርግ ላይ ስፒከሩ አፏጨ። ሰው ሁሉ ጆሮውን ይዞ ዞረ። ሙስጠፋ ምንም እንዳልሰማ ቆቡን ያስተካክል ነበር።

ለእኔ ብቻ የታየ መስሎኝ ዝም አልኩ። ብዙም ሳይቆይ ግን አንድ ልጁን የሚድር ሰው መጣና፣ ዕቃችሁን እንፈልጋለን፣ ሙስጠፋን ግን ተወውና ሌላ ሰው አስቀምጥ አለኝ። ከእሱ በኋላ የመጣውም እንዲሁ አለ። ሙስጠፋ ሚስቱ ከሞተችበት፣ ልጆቹም በየአገሩ ከተበተኑ ወዲህ የቀረው ያ ወንበር ነው። ከሰርግ እስከ ሰርግ ያለውን ጊዜ ወንበሩን ሲጠብቅ ነው የሚያሳልፈው። ተነሣ ብዬ የምነግርበት አፍ አጣሁ።

በዚህ መሃል ነው ሞተር ያለው ፌደር ትዝ ያለኝ። ከሥሩ ትንሽ ሞተርና ቁልፉን የሚጎትት ቀጭን የላስቲክ ቺንጋ አለው፤ ከሩቅ ሲታዘዝ ማንም ሳይነካው ራሱ ይሄዳል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶች ይህ ሳይታያቸው አልቀረም። ፌደሮቹ የሚደረደሩበትን ሰሌዳ ቤቴ ውስጥ ራሴ ልሠራው፣ ሙስጠፋ እንደ ወትሮው ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ፣ እኔ ደግሞ ሕዝቡ መሃል ቆሜ በስልኬ ላዝዝ አሰብኩ። ፌደሮቹ ከጣቱ ሥር ሲንቀሳቀሱ፣ ዕቃው ዘመናዊ ነው፣ የለመደውን ራሱ ያስታውሳል እለዋለሁ። ተንኮል ነው ካላችሁ፣ አዎ፣ ተንኮል ነው።

ችግሩ ዕቃው ከየት ይምጣ ነው። አዲስ አበባ ደውዬ የደህናውን ዋጋ ስሰማ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ከቻይና የሚመጣውን ርካሹን አዘዝኩ። የአንዳንዱ ቺንጋ የአሶሳን ሙቀት ሳይችል ላላ። አንዱ ወደ ላይ መውጣት እንጂ ወደ ታች መውረድ አላውቅም አለ፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ስለማውቅ ብዙም አልገረመኝም። የተረፉት እንደ ወፍጮ ቤት አጓሩ። ሙስጠፋ እንዳይነቃብኝ ድምፅ የሌለው ሞተር ነበር የምፈልገው። ለማይሰማ ሰው ጸጥ ያለ ሞተር ፍለጋ መንከራተቴን ልብ ያልኩት ግን በጣም ዘግይቼ ነው።

በመጨረሻ በሱዳን ድንበር ኩርሙክ ላይ ለሚነግዱት ለሐጂ ከማል ደወልኩ። ራሱን የሚያንቀሳቅስ ቁልፍ ይፈልጉልኝ ስላቸው፣

«ወላሂ፣ ራሱ የሚሄድ ከሆነ ለምን ራሱ አሶሳ አይመጣም?» አሉኝ።

እሳቸው ግን ቀልደው ብቻ አልቀሩም፣ አገኙልኝ። ከድንበሩ ማዶ ሰርግ ሲያሞቅ የኖረ አንድ ሰው፣ ጦርነቱ ሰርጉን ሲያስቀርበት ትልቅ ሚክሰሩን ይዞ ተሰድዶ ነበር። ሚክሰሩ በመንገድ ተሰባብሯል፤ ፌደሮቹ ግን ነፍስ አላቸው። ሰውየው በማይበዛ ዋጋ ሸጠልኝ፤ እነሱም በማሽላ ጆንያ መሃል ተጠቅልለው መጡ። ሰሌዳው ላይ በይጄ መብራት ስለቅባቸው ያለ አንዳች ድምፅ ሽው ብለው ወጡ፣ ወረዱ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ስንት ሙሽራ ያስጨፈረባቸውን ያን የማላውቀውን ሰው ሳስብ ግን አዘንኩ።

የመጀመሪያው ሥራችን ሆሞሻ ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ሙስጠፋ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ በወንበሩ ላይ ተሰየመ፤ እኔም ስልኬን ይዤ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆምኩ። የመጀመሪያው ዘፈን አማረ። በሁለተኛው ላይ የዘፋኟ ድምፅ ስላነሰብኝ በስልኬ ከፍ አደረግሁት። ዝቅ አለ። እንደገና ከፍ አደረግሁት፤ እንደገና ዝቅ አለ። ሞተሩ ታመመ ብዬ ደነገጥኩ። ቀና ስል የሙስጠፋ ጣት ፌደሩን ጨብጦ ወደ ታች ሲጎትት አየሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሁለት ሞኝ አንድ ፌደር ሲይዝ ምን እንደሚባል ግን አልተነገረንም። የዘፋኟ ድምፅ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። እሷ ማይክራፎኑን ትደበድባለች፣ ወጣቶቹ ደግሞ አዲስ ስልት መስሏቸው ይዘላሉ።

ሙስጠፋ ራሱን ቀና አድርጎ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል በቀጥታ እኔን አየኝና በእጁ ጠራኝ። ሄድኩ። ከንፈሬን እንዲያይ ፊት ለፊቱ ቆሜ መቼ እንዳወቀ ጠየቅሁት።

«ከመጀመሪያው ዘፈን» አለኝ። «ጆሮ ይደነቁራል፣ ጣት አይደነቁርም።»

ታዲያ የዘፋኟን ድምፅ ለምን እንደሚያፍን ብጠይቀው ሳቀ። አጠገቡ ጎትቶ አስቀመጠኝና ወደ ፊት ረድፍ ጠቆመኝ። አሮጊቶቹ ጆሯቸውን በነጠላቸው ይዘዋል።

«እኔ አሁን የሰው ፊት አያለሁ። አንተ ቀጭን ድምፅ አትሰማም። ይሄ ነገር ቆይቷል፣ እኔ ደህና ስሰማ ጀምሮ ነው። ሁልጊዜ ሴት ድምፅ ታበዛለህ። ሻይ ልትጠጣ ስትሄድ እኔ ዝቅ አደርጋለሁ።»

ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ።

«ጓደኛዬ ነህ። ምን ልበል?»

በማግስቱ ቤቴ ሰሌዳውን አብርቼ ፌደሮቹን ወደ ላይና ወደ ታች እየነዳሁ ባለቤቴን የሚሰማሽ ድምፅ አለ ወይ አልኳት። «ከመጣ ጀምሮ እንደ ወባ ትንኝ ይጮሃል፤ እንዲያ ስትወደው ጊዜ ምን ልበልህ ብዬ ነው» አለችኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ። ዕድሜያችንን ስፒከር ሥር ቆመን ፈጅተን አንዳችን ብቻ የምንደነቁር ለምን እንደመሰለኝ አላውቅም። ለካስ ይህን ሁሉ ዓመት አንዱ የሌላውን ጉድለት በጓሮ በር እየሸፈነ ነው ሰርግ ያሞቅነው። ሰውም ጨፍሯል፣ የተዳሩትም ወልደው ከብደዋል።

ለሚቀጥለው ሰርግ ዕቃ ስንጭን ሙስጠፋን በሁለት እጄ ይዤ ይቅርታ ጠየቅሁት። እንግዲህ አንተ ፊት እያየህ፣ እኔ ወፍራም ወፍራሙን እየሰማሁ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ ሞተሩን ግን ልንቀለው፣ ከእንግዲህ ምንም አይሠራም አልኩት። መፍቻውን ከእጄ ወስዶ ኪሱ ከተተው።

«ተወው» አለኝ። «ቤቴ ማንም የለም። ፌደሩ ጣቴን ከታች ሲገፋኝ አንተ አለህ ማለት ነው።»

ተውኩት።