መሪ ጨብጠው የማያውቁት ሹፌር

በዓለም ላይ አንድ ሹፌር ብቻ ያለው መኪና የለም። አንዱ መሪውን ይይዛል፣ ሌላው ኃላፊነቱን። መሪውን የያዘው መንጃ ፈቃድ አለው። ኃላፊነቱን የያዘው ደግሞ ልምድ አለው፤ ልምዱን ከየት እንዳመጣው ግን አይጠየቅም። ይህ ሁለተኛው ሰው ሁልጊዜ የሚቀመጠው በጎን ወንበር ነው። እግሩ ፔዳል የሌለበትን ወለል ይረግጣል፣ እጁ ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ አንቆ ይይዛል፣ መንታ መንገድ ላይ ከሹፌሩ ቀድሞ ግራና ቀኝ ይገላመጣል። ሲወርድ «እግሬ ዛለ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፍሬን ሲይዝ ነው የዋለው።

እናንተም እንዲህ ያለ ሰው አታጡም። ምናልባት አባታችሁ ነው፣ ምናልባት ሚስታችሁ ናት፣ ራሳችሁ ከሆናችሁም ነውር የለውም። ለአንዲት ልብስ ሰፊ የደረሷት ግን የእነዚህ ሁሉ አለቃ ናቸው፤ ክብርት ወይዘሮ ፍሬን።

ፍሬን የእናት አባት ስማቸው አይደለም፣ ሰፈሩ ነው ያወጣላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ዝም ሲያሰኙ ኖረው፣ በዚያ ሁሉ ጸጥታ ውስጥ ያጠራቀሙትን ንግግር የሚያወጡት መኪና ውስጥ ነው። እንኳን መኪና ብስክሌት ነድተው አያውቁም። ይህን የሚያነሳባቸው ደፋር ከተገኘም «እኔ መጽሐፍ ጽፌ አላውቅም፤ የተሳሳተ መጽሐፍ ግን ሳየው አውቀዋለሁ» ብለው አፉን ያስይዙታል።

ልብስ ሰፊዋና ወይዘሮ ፍሬን ጓደኛሞች የሆኑት ገና ገመድ ሲዘሉ ነው። የልብስ ሰፊዋ ባል ሲሞት ትንሽዬ መኪናውን ትቶላት ሄደ፤ መኪናዋም ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆመች። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ሽጫትና ተገላገይ» አላት። እሷ ግን ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ ከጎረምሶች ጋር ተሰልፋ ተማረችና መንጃ ፈቃድ አወጣች። አሁን ደግሞ ልጇ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። ልጅቷ የምትኖረው በአገሩ ሌላ ዳር፣ በመኪና ሦስት ቀን በሚያስኬድ ከተማ ነው። እናትየዋ በራሷ መኪና፣ ራሷ ነድታ ልጇ ደጃፍ ላይ ልትወርድ ቆረጠች።

የባሏ ታናሽ ወንድም ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። ሰውየው የጭነት መኪናዎች ባለቤት ነው፤ በየከተማው ሹፌር አለው። «እትዬ፣ ገበያ ደርሶ መመለስና አገር ማቋረጥ አንድ አይደለም» አላት። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በአንድ ነገር ተስማሙ። የመጀመሪያውን ቀን እሷ ትነዳለች። ማደሪያቸው ሲደርሱ እሱ ደውሎ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀው ግን እሷን አይደለም።

«አንቺማ ሁሉም ሰላም ነው ነው የምትዪኝ። እኔ የምጠይቀው አብረውሽ የሚሄዱትን ጓደኛሽን ነው። እሳቸው አንዲት ነገር ቅር ካላቸው፣ ጠዋት ሹፌሬ እዚያው መጥቶ መሪውን ይረከብሻል።»

ወይዘሮ ፍሬንን ቅር የማይላቸው ነገር በምድር ላይ ስለሌለ፣ የልብስ ሰፊዋ ጉዳይ ገና ሳይጀመር አለቀ ማለት ነው። ታዲያ ለምን ይዛቸው ሄደች? «አብሬሽ እሄዳለሁ» ያላት ሌላ ሰው አልነበረማ።

የጉዞው ቀን ሲነጋጋ ወይዘሮ ፍሬን ትራሳቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። ገና በቅጡ ሳይቀመጡ ስፖኪዮውን ወደ ራሳቸው አዞሩት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ከኋላ የሚመጣውን ማን ሊያይ ነው?»

«እኔ ነኛ!»

«አንቺ ፊት ፊቱን እይ። የኋላውን ለእኔ ተዪው።»

ልብስ ሰፊዋ የቀኝ ጫማዋን አወለቀች። የስፌት መኪናዋን ፔዳል ዕድሜ ልኳን በባዶ እግሯ ስትረግጥ ስለኖረች፣ ጫማ ካደረገች እግሯ የሚያደርገውን አያውቅም። ወይዘሮ ፍሬን ባዶውን እግር አዩት፣ ሴትዮዋን አዩዋት።

«ይኼም ይነገራል» አሉ።

ያን ቀን ይህ ቃል ያልተሰማበት ሰዓት አልነበረም። ፍሬቻ ሲዘገይ «ይኼም ይነገራል»፣ ማርሽ ሲያንቋርር «ይኼም ይነገራል»። በመካከሉ ደግሞ «ቀስ!» አለ። መኪናዋ ቆማ ሳለች እንኳን «ቀስ!» ይላሉ። ከተማው መውጫ ላይ ያለውን አደባባይ ደጋግመው ዞሩት፤ ልብስ ሰፊዋ ልትወጣ ባለች ቁጥር ወይዘሮ ፍሬን «አሁን አይደለም!» እያሉ። መጨረሻ ላይ ዳር የተቀመጠችው አበባ ሻጭ እንደ ዘመድ እጇን ታውለበልብላቸው ጀመር። ከኋላቸው የነበረው የጭነት መኪና ሹፌር ትዕግሥቱ አልቆ ክላክሱን ሲለቀው፣ ወይዘሮ ፍሬን መስኮቱን አወረዱ፣ አንገታቸውን አወጡ፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ያን የሚያህል ሰውዬ እጁን ከክላክሱ ላይ አንስቶ ቁጭ አለ።

ከከተማው እንደወጡ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው። ወጣት ነው። ጎንበስ ብሎ «ወዴት ናችሁ?» አለ። ልብስ ሰፊዋ አፏን ሳትከፍት ወይዘሮ ፍሬን ተሻምተው ገቡ።

«ልንገርህ የኔ ልጅ። ነጩን መስመር ሁለት ጊዜ ረግጣለች። አልዋሽህም። ግን ክፋት የለባትም፤ ሲነግሯት ትሰማለች።»

ፖሊሱ አንዴ አንደኛዋን፣ አንዴ ሌላኛዋን አየ።

«እናቴ፣ እኔ ያስቆምኳችሁ መንገዱ ስለሚጠገን ነው። በዳገቱ በኩል ዙሩ ልላችሁ ነው።»

«ከጠየቅህ አይቀር ብዬ ነው» አሉ ወይዘሮ ፍሬን።

ፖሊሱ ሊያሳልፋቸው ሲል ወደ ልብስ ሰፊዋ ጠጋ ብሎ በዝግታ «አይዞሽ እናቴ» አላት። ስለ ዳገቱ ይሁን ስለ ጓደኛዋ አልገባትም።

«ምን አድርጌሽ ነው?» አለች ጥቂት እንደተጓዙ።

«ቀድመው ከተናገሩ ይቀላል።»

«ምኑ ነው የሚቀለው? ሰውየው እኮ አልከሰሰኝም!»

«መሪሽን ያዢ። ቀስ!»

ምሳ ዳቦና እንቁላል በሉ። ወይዘሮ ፍሬን የመረጡት ጠረጴዛ ፀሐይ ላይ ነበር፤ ከዚያ ነው መኪናዋ የምትታየው። ሜዳ ላይ የቆመች መኪና ትንሸራተታለች ብለው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ በሉ። ልብስ ሰፊዋ ግን እንቁላሉ አልወረደላትም። ማታ ስልኩ ሲደወል የሚሆነው ይታያት ነበር። ነገ ጠዋት የማታውቀው ሰውዬ በባሏ ወንበር ይቀመጣል፤ እሷ ከኋላ፣ እንደ ሻንጣ ተጭና ልጇ ዘንድ ትደርሳለች። ልጇም «እኔ እኮ ብዬሻለሁ እማዬ» ትላታለች።

ዳገቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። እኩሌታው ላይ ከፊታቸው የነበረው የጭነት መኪና ቀጥ አለ፤ እነሱም ቆሙ። ከኋላቸው አውቶብስ ተጠግቶ ቆመ። የጭነት መኪናው ተንፏቅቆ ሲሄድ ልብስ ሰፊዋም ልትነሳ ሞከረች፤ ሞተሩ ጠፋ። አስነሳችው። መኪናዋ ወደ አውቶብሱ ሸርተት አለችና እንደገና ጠፋች። የእጅ ፍሬኗ ከስሙ በቀር የቀረለት ነገር የለም፤ ባልየው «ነገ አሠራዋለሁ» እያለ ነው የሞተው።

«ፍሬን! ፍሪሲዮን! እሱን አይደለም፣ ሌላውን! ማርሹን! ቀስ! ቶሎ በይ!»

«ዝም በይ!» ብላ ጮኸች ልብስ ሰፊዋ።

ወይዘሮ ፍሬን ዝም አሉ። ይህን ቃል ለሰው ሲሰጡ ኖሩ እንጂ ተቀብለውት አያውቁም። ልብስ ሰፊዋ ፍሬኑን በሙሉ ኃይሏ ረግጣ፣ ወደ ጎን ማየት ፈራች። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማች። ሄደች አለች በልቧ። ትሂድ። ጠዋት የሚመጣው ሹፌር አሁኑኑ ቢመጣም ግድ አልነበራትም።

ስፖኪዮውን ወደ ራሷ መለሰችው። ወይዘሮ ፍሬን ከመንገዱ ዳር ትልቅ ድንጋይ ሆዳቸው ላይ አቅፈው፣ እያቃሰቱ ወደ መኪናዋ ሲመጡ አየች። ከኋላ ጎማው ሥር አስገቡት። ከዚያ ቀና ብለው ለአውቶብሱ መዳፋቸውን ዘረጉለት፤ አውቶብሱም ወደ ኋላ ፈቀቅ አለላቸው።

«ድንጋይ አድርጌበታለሁ» አሉ ጮክ ብለው። «የትም አትሄድም።»

ሌላ ነገር አልተናገሩም። ልብስ ሰፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯ የሚላትን ሰማች። ባዶ እግሯ ነዳጁን ዳሰሰው፤ መርፌ በወፍራም ጨርቅ ስታሳልፍ እንደምታደርገው ሳትቸኩል ጫን አለችው፣ በግራ እግሯ ፍሪሲዮኑን በስሱ ለቀቀችው። መኪናዋ ተርገፈገፈች፣ ያዘች፣ ተነሳች። ከዚያ ጓደኛዋ መሬት ላይ መሆኗ ትዝ አላትና እግሯ ወደ ፍሬኑ ሄደ።

«እንዳትቆሚ!» የሚል ጩኸት ከኋላ መጣ። «ሂጂ! አትቁሚ፣ ሂጂ አልኩሽ!»

ወይዘሮ ፍሬን ሰውን «ሂጂ» ሲሉ የተሰሙት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ ሄደች። ጫፍ ላይ ሜዳ አግኝታ ቆመች፣ ወርዳም ጠበቀቻቸው። አውቶብሱ አልፎ ከሄደ በኋላ ወይዘሮ ፍሬን ብቅ አሉ፤ ሻሻቸው ወደ ኋላ ወድቆ፣ ፊታቸው በላብ ርሶ፣ ድንጋዩን እንዳቀፉ።

«ድንጋዩን ለምን ተሸከምሽው?»

«መንገድ መሀል ይተዋል እንዴ? ሰው ቢጋጭበትስ?»

ዳር ወስደው አስቀመጡትና እጃቸውን አራገፉ።

«ዝም በይ ያልኩሽ እኮ...» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እሱማ ይነገራል» ብለው ገቡ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቁልቁለት ነበር፣ ጠመዝማዛ። ልብስ ሰፊዋ በየኩርባው «ቀስ!» እስኪሏት ጠበቀች። አላሉም። ተቀይማለች፣ አለች በልቧ። ለማታ ነው የምታጠራቅመው፣ አለች። ሲብስባት ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው። መያዣውን ለቀዋል። ትራሱን ከበሩ አስደግፈው፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ ለጥ ብለው ተኝተዋል።

ማደሪያው ግቢ ስትገባ ገና አልጨለመም። ሞተሩን ስታጠፋም አልነቁም። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ወርዳ በሩን ገርበብ አድርጋ አነሳችው።

«ደረሳችሁ እትዬ?»

«ደርሰናል።»

«እሺ፣ ለእሳቸው ስጪልኝ።»

በመስኮቱ አየቻቸው። ሊነግሩት የሚችሉት ሁሉ በልቧ አለፈ፤ ባዶው እግር፣ ነጩ መስመር፣ አደባባዩ፣ ዳገቱ። ስልኩን ያልሰጠቻቸው ግን ያን ፈርታ ብቻ አይደለም፤ ልትቀሰቅሳቸውም አሳዘኗት።

«አልቀሰቅሳትም፣ ተኝታለች። ጠዋት ደውልላት።»

«አልጋ ይዛችኋል ማለት ነው?»

«ኧረ መኪናው ውስጥ ነው። ቁልቁለቱን በሙሉ ተኝታ ነው የመጣችው።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው።

«እሳቸው?» አለ ሰውየው በመጨረሻ። «አንቺ እየነዳሽ?»

«ሌላ ማን አለ?»

«እትዬ፣ እኔ ስንቴ አመላልሻቸዋለሁ፣ አንድ ቀን ዓይናቸውን ከድነው አያውቁም። ወንድሜ ነፍሱን ይማረውና ሲነዳማ መያዣውን ከነብሎኑ ነቅለውበታል። በቃ፣ ሹፌሩን እንዳትመጣ እለዋለሁ። ልጅቷን ሳሚልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ መሪው ፊት ተቀመጠችና በሩን ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጋ ዘጋችው። እንባዋ መጣ፣ አልከለከለችውም። በዚያች ሰዓት ከወይዘሮ ፍሬን አብልጣ የምትወደው ሰው በዓለም ላይ አልነበረም፤ በተለይ እንደዚህ ሲተኙ።