ኩልመስክ ከምድባችን እንዳትወጣ ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ

«አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ የማን ነሽ?»

ይህን ያሉኝ ከአውራጃ የመጡት የስፖርት ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ዛሬ። በትምህርት ቤታችን ሜዳ። ሕዝብ ሁሉ እየሰማ!

የአባቴን ስም አይደለም የጠየቁኝ። የየትኛው ቡድን ተጫዋች እንደሆንሁ ነው።

መልሱን አላወቅሁትም። አሁንም አላውቀውም።

እዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ፊት ቆማችሁ የምታነቡ ጓዶች፣ ዛሬ ሜዳ ያልመጣችሁ ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። የመጣችሁት ደግሞ በሞቴ ሳቃችሁን ጨርሱና አንብቡ። የጋዜጣው ኃላፊ ማታ ስመለስ «ግለ ሂስ ከሆነ ይለጠፋል» ብሎኛል። ግለ ሂስ ይሁን እሮሮ እኔ አልለየሁትም። ብቻ ይለጠፍልኝ!

እኔ ትርንጎ የላሊበላ የሴቶች ቮሊቦል ቡድን ካፒቴን ነኝ። ነበርሁ። ነኝ?

ተውት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤቶች ውድድር ሁለት ምድብ አለው። አንደኛው የደጋው ምድብ ነው፤ እኛ፣ ብልባላና ኩልመስክ። ሁለተኛው የመንገዱ ምድብ ነው፤ ጋሸናና በመኪናው መንገድ ላይ ያሉት ሁሉ። የየምድቡ አሸናፊ ደሴ ሄዶ ይጫወታል።

ደሴ!

እኔ ከጋሸና ወዲያ ያለውን ዓለም በወሬ ነው የማውቀው። ሹፌሮች ስለ ደሴ ሲያወሩ አፌን ከፍቼ ስሰማ ነው ያደግሁት። ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ካልሄድሁ በምን ልሄድ?

ታዲያ በዚህ ላይ ወሬ መጣ። ኩልመስክ ወደ መንገዱ ምድብ ልትዛወር ጠየቀች ተባለ። በእኛ መሸነፍ ሰልችቷቸዋል።

«ይሰልቻቸው! እኛን ምን አገባን?» እንዳትሉ። ደንቡ «ከሦስት ቡድን ያነሰ ምድብ ይፈርሳል» ይላል። ኩልመስክ ከወጣች ደጋው ፈረሰ። ደጋው ከፈረሰ እኛ ተጠቅልለን ጋሸና እጅ ላይ ወደቅን።

የጋሸናን ሴቶች አይታችኋል? ሰርቪሳቸው ክንድ ያደነዝዛል! አምና ለወዳጅነት ገጥመናቸው አንዷ ልጃችን ክንዷ አብጦ ስንት ቀን በግራ እጇ ነው የበላችው። እናቷ ከእኛ ጋር እስከ ዛሬ ሰላምታ የላትም።

የስፖርት ክበባችን ተሰበሰበ። አንዱ «የአቋም መግለጫ እናውጣ» አለ። ሌላው «ኩልመስክ ትወገዝ» አለ። ሁሉም እጁን እያወጣ ተናገረ፤ ማንም ምንም አላለም።

እኔ ተነሣሁ። (ሁልጊዜ የምነሣው ለምንድን ነው?)

«ሰው ሚስቱ ኮብልላ ስትሄድበት መግለጫ ያወጣል?» አልሁ። «ሽማግሌ ነው የሚልከው! ለኩልመስክም ሽማግሌ እንላክ!»

ጭብጨባ!

ያ ጭብጨባ ነው የገደለኝ።

ሽማግሌዎቹን የመረጥሁት ራሴ ነኝ። አንደኛው አጎቴ መሪጌታ ናቸው። ሁለተኛው ሼህ ሙሄ፣ በየገበያው አሞሌ የሚነግዱት። ሁለቱ ገብተውበት ሳይታረቅ የቀረ ጸበኛ በላስታ የለም ይባላል።

መሪጌታ ሰሙኝና «ዋስ ጥሪ» አሉኝ።

መቼም ታውቁታላችሁ፤ በኛ አገር ሽማግሌ ዝም ብሎ አይነሣም። ላኪው «የቆረጣችሁትን እቀበላለሁ» ብሎ ዋስ ይጠራል። እኔም ጓደኛዬን አዳነችን ጠራሁ። በቡድኑ ውስጥ ከእኔ ቀጥላ ያለችው እሷ ናት።

«የቆረጣችሁትን እቀበላለሁ» አልሁ።

«ብታፈርስ እኔ አለሁ» አለች አዳነች።

መሪጌታ መስቀላቸውን አወጡና «ያፈረሰ በግዝት!» አሉ።

«አሜን» አልሁ። እኔ! በገዛ አፌ!

ሽማግሌዎቹ በኩልመስክ ገበያ ቀን ሄዱ። ሲመለሱ ሼህ ሙሄ ገና ከበቅሎ ሳይወርዱ «አብሽሪ ልጄ! ኩልመስክ ከምድባችሁ አትወጣም!» ብለው ጮኹ።

ዘለልሁ። እልልታውን አቀለጥሁት። የሁለቱንም ጉልበት ሳምሁ።

የቀረውን የነገሩኝ ጉልበታቸውን ከሳምሁ በኋላ ነው። የሰው ልጅ ለምን አስቀድሞ አይጠይቅም? እስቲ ንገሩኝ!

«ዕርቅ ባዶ እጁን አይቆምም» አሉ ሼህ ሙሄ፣ ኮርቻውን እየፈቱ። «‹ምን ብትካሱ ትቀራላችሁ?› አልናቸው። ‹ልጃችንን መልሱልን› አሉን። አግባብ ነው አልን፤ ቆረጥን።»

«የማንን ልጅ?»

«አንቺን ነዋ!»

ጓዶች፣ እናቴ የኩልመስክ ሰው ናት። የበኩር ልጅ ደግሞ በእናቷ ወላጆች ቤት ነው የሚወለደው። እኔ የበኩር ነኝ። ከአራስ ቤት የወጣሁት ኩልመስክ፣ እናቴ አዝላኝ ወደ ላሊበላ የመጣችው ገና ጥርስ ሳላበቅል ነው። በቃ! ይህችን ይዘው «እትብቷ እኛ ጋ ነው የተቀበረው፤ በገዛ ልጃችን ነው የምታሸንፉን» ሲሏቸው ሽማግሌዎቼ አዘኑላቸው።

«መሪጌታ፣ እኔ በግ ነኝ እንዴ ለካሳ የምሰጠው?» አልኋቸው።

«በግማ አቅርበንላቸው ነበር» አሉኝ፣ እንደ ማጽናናት። «እንቢ አሉ።»

እየሮጥሁ አዳነች ጋ። ዋሴ ናት፤ አንድ መላ አታጣም!

አዳነች አቀፈችኝ። አለቀሰች። ከዚያ እጇን ዘረጋችና «ማሊያውን» አለች።

«ምን?»

«የካፒቴኑን ማሊያ። ዋስ ነኝ እኮ፤ ካላስፈጸምሁ ግዝቱ በእኔም ነው።»

ዓይኗ እርጥብ ነበር። አፏ ግን ሳቅ ሳቅ ይለው ነበር። የቱ እውነት እንደሆነ እስከ አሁን ግራ እንደገባኝ ነው።

እና ዛሬ ቅዳሜ፣ የመክፈቻው ጨዋታ፤ ላሊበላና ኩልመስክ። እኔ በቀሚሴ ላይ የኩልመስክን ማሊያ ደርቤ፣ ባደግሁበት ሜዳ፣ እንግዳ ሆኜ ቆምሁ። የኩልመስክ ካፒቴን ጦይባ «እንኳን ወደ ቤትሽ ገባሽ!» ብላ ሳመችኝ። መሪጌታና ሼህ ሙሄ ከፊት ወንበር ላይ እንደ ሙሽራ አባት ተቀምጠዋል። እኔም ራሴን እያጽናናሁ ነበር። ምንም ቢሆን ደጋው አልፈረሰም። በኩልመስክም ቢሆን ደሴ ደሴ ነው!

ሰብሳቢው ለንግግር ተነሡ።

«የምድብ ድልድሉ በጥናት ተከልሷል» አሉ። «ኩልመስክ በነበረችበት በደጋው ምድብ ትቀጥላለች።»

ጭብጨባ። ሼህ ሙሄ ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ውድድሩን ለማመጣጠን ሲባል ላሊበላ ወደ መንገዱ ምድብ ተዛውራለች።»

ጭብጨባው ከመሃል ተቆረጠ።

«በምትኳ ጋሸና ወደ ደጋው ምድብ ትመጣለች።»

ቀስ ብላችሁ አስቡት። እኔም ቀስ ብዬ ነው ያሰብሁት። ከእኛ ጋር እንድትቀር የለመንናት ኩልመስክ ቀረች፤ እኛ ሄድን። ላሊበላ ጋሸና የሌለችበት ምድብ ገባች፤ ደሴ በእጇ ነው። ጋሸና እኔ ወዳለሁበት መጣች።

እኔ ወዳለሁበት። እኔ ግን የት ነኝ?

ጦይባ ወደ እኔ ዞረች። «ሽማግሌ ልካችሁ አስቀርታችሁን እናንተ ወጣችሁ?»

«ኧረ ጦይባ፣ እኔ እኮ አሁን የእናንተ ነኝ!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

ምን ብዬ? ለማን? ማን ሆኜ?

ጫጫታው ሲበረታ ሰብሳቢው ወረዱና ምን እንደሆነ ጠየቁ። አንዱ ነገር ወዳድ «ይቺ እኮ የላሊበላ ተማሪ ናት» ብሎ ጠቆመኝ። ያን ጊዜ ነው «የማን ነሽ?» ያሉኝ።

የለበስሁትን ማሊያ አየሁ። የኩልመስክ!

«በደንቡ ተማሪ የምትጫወተው ለምትማርበት ትምህርት ቤት ነው» አሉ። «ያንን ማሊያ አውልቂ።»

መሪጌታ ከወንበራቸው ተነሡ። «ጓድ ሰብሳቢ፣ ልጅቱ በግዝት ተይዛለች።»

«መሪጌታ፣ ግዝት በደንቡ ውስጥ የለም።»

«ደንብዎም በግዝቱ ውስጥ የለም።»

«ወላሂ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ» አሉ ሼህ ሙሄ። «ሽማግሌ ይግባበት።»

«ሽማግሌው እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አሉ ሰብሳቢው። ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። የሳቃችሁትን አይቻለሁ!

ወደ አዳነች ሮጥሁ። «አዱዬ፣ ሰምተሻል፤ ደንቡ ለእናንተ ተጫወች ይለኛል። አስገቢኝ።»

«የአንቺን ግዝት እኔ ልሸከም?»

«ደሴ እኮ ነው አዳነች!»

«አውቃለሁ» አለች። ማሊያዬ ልኳ ነበር።

ወደ ጦይባ ተመለስሁ። አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ። «እህቴ፣ በአላህ ይሁንብሽ፤ አንቺን ካሰለፍን ፎርፌ ይሰጡብናል። ተይን።»

ማሊያውን አወለቅሁ። አጠፍሁት። ሰጠኋት። ጦይባ ተቀብላ ለሌላ ልጅ አለበሰችው። ለእኔ ጠቦኝ ነበር፤ ልጅቱ ላይ አማረ።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አቀርቅረው ይመካከራሉ። ሰብሳቢው «የመክፈቻው ጨዋታ በተያዘለት ሰዓት ይካሄዳል» ብለው ሰዓታቸውን ያያሉ። ስድስቱም ላሊበላዎች ቦታቸውን ይዘዋል። ስድስቱም ኩልመስኮች ቦታቸውን ይዘዋል። በመረቡ እንጨት ስር የቆምሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ተንከባልላ እግሬ ስር የመጣችው ኳስ በእጄ።

ፊሽካ ተነፋ።

«ትርንጎ፣ ኳሷን!» አለች አዳነች፣ እጇን ዘርግታ። «ሰርቪሱ የእኛ ነው!»

«ትርንጎ፣ ኧረ ወዲህ! የእኛ ነው!» አለች ጦይባ።

ኳሷን በመረቡ አናት ላይ ቀጥ አድርጌ ወደ ሰማይ ላክኋት። በየትኛው በኩል እንደምትወድቅ ሳላይ በቆርቆሮው በር ወጣሁ፤ ከገበያ ወደ ብልባላ የሚመለሱትን አህዮች ተከትዬ ቁልቁል ወረድሁ።