ወይዘሮ ፀዳለና አሥራ አንዱ ቫይስ

የዓለም ሕዝብ በሁለት ይከፈላል፦ የተነገረውን የሚያምን ሕዝብና ወይዘሮ ፀዳለ። ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ አንዲት ወይዘሮ ፀዳለ አሉ። «እኛ ጋ የሉም» የሚል ካለ እሱ ገና አላወቃቸውም እንጂ እሳቸው እሱን አጥንተው ጨርሰዋል።

የእኛዎቹ፣ የዳላስና የፎርትወርዝ የጥርጣሬ ጉዳዮች ዋና ኃላፊ፣ ክብርት ወይዘሮ ፀዳለ፣ ግሬፕቫይን ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የክፍል ጽዳት ተቆጣጣሪ ናቸው። እንግዳ «ክፍሉ በጣም ደስ ይላል፣ አመሰግናለሁ» የሚል ወረቀት ትቶ ሲሄድ ሌላው ሠራተኛ ይደሰታል። እሳቸው ፍራሽ ይገለብጣሉ። «ሰው ዝም ብሎ አያመሰግንም። የሆነ ነገርማ አለ!» አንድ ጊዜ ታዲያ እውነትም ፍራሹ ሥር የተቃጠለ አንሶላ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የሚያቆማቸው ጠፋ።

ጎረቤታቸው፣ ሸምገል ያለ ፈረንጅ፣ ጠዋት ጠዋት እጁን ያውለበልብላቸዋል። በመጀመሪያው ቀን አጥራቸውን ፈተሹ። በማግስቱ የመኪናቸውን ጎማ። ሰውዬው ዛሬም ያውለበልባል፣ እሳቸውም ዛሬም ይፈትሻሉ። የአየር ትንበያው «ፀሐይ ነው» ካለ ጃንጥላ ይዘው ይወጣሉ። በስልክ እየደወሉ ሰው የሚያጭበረብሩት ሌቦች እንኳ የሳቸው ጥያቄ ሲበዛባቸው ራሳቸው ይዘጋሉ፤ አንዱማ «እናቴ፣ በፈጠሩዎት ሥራ አለብኝ» ብሎ ለምኗቸዋል እየተባለ ይወራል።

ባለቤታቸው አቶ ኃይለ ማርያም የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ናቸው። የኤርፖርት ሻትል ይነዳሉ፣ የነገሯቸውን በሙሉ ያምናሉ። ከእንዲህ ያለች ሴት ጋር ይህን ያህል ዘመን እንዴት እንደኖሩ ሲጠየቁ «እኔን ጠርጥራ ጨርሳለች» ይላሉ።

እንግዲህ ማቲዎስ እግር ጥሎት የመጣው እዚህ ቤት ነው።

ማቲዎስ የልጃቸው የማርያማዊት ወዳጅ ነው። እዚሁ አሜሪካ ያደገ፣ ፕሌኖ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ልጅ። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ይጾማል። ምሳ ተጋብዞ ሲመጣ ደግሞ የበላበትን ሳህን ተነስቶ አጠበ። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

«ሰው እንዴት ምንም አይወጣለትም?» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ፣ እንግዳው ገና መኪናውን ሳያስነሳ። «ትንሽ ነገር እንኳ? ደግሞ ሲያጥብ ጥፍሩን አይተኸዋል? ሥሩ ጥቁር ነው! ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሰው ግሪስ ከየት አመጣ? ኪቦርዱ ዘይት ይቀየርለታል?»

«ፀዲ፣ የእሁድ ሳምንት ሽማግሌ ይመጣል» አሉ አቶ ኃይለ ማርያም። «ልጁን ተይው።»

«ልጁንማ እተወዋለሁ። ጥፍሩን ግን አልተወውም። የሆነ ነገርማ አለ!»

ማርያማዊት ይህን ስትሰማ ልትጎርስ ያነሳችውን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። የአባቷ እሺታ የታወቀ ነው። የእናቷ «የሆነ ነገርማ አለ» ግን ከዚህ ቀደም የሁለት ዘመድ ጋብቻና አንድ የሰንበቴ ማኅበር አፍርሷል። እሷ ደግሞ ማቲዎስን ትወደዋለች።

ማክሰኞ ዕለት ጓዳ ሆና ለጓደኛዋ በስልክ የልቧን ታጫውታለች። ወይዘሮ ፀዳለ በአጋጣሚ ከበሩ ጀርባ ነበሩ። በአጋጣሚ ከበር ጀርባ መሆን ይወዳሉ። ወሬው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሳቸው እንግሊዝኛ ደግሞ የሆቴል ነው፤ ስለ ፎጣ ከሆነ አንድ ቃል አያመልጣቸውም፣ ከፎጣ ሲያልፍ ግን እየዘለለ ነው የሚሰማቸው። እየዘለለ የሰሙት ይኸው፦ ማቲዎስ አሥራ አንድ ቫይስ አለው። ፋርመርስ ብራንች በተከራየው መጋዘን ውስጥ ነው የሚያስቀምጣቸው። ትልቁን ያገኘው ባሏ ከሞተባት ሴት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስትሪፕ ያደርጋቸዋል፣ ያስወልቃቸዋል መሆኑ ነው። አንዳንዱን ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፎ ያሳድራል። እና እማማ እንዳትሰማ።

ቫይስ። ወይዘሮ ፀዳለ ቃሉን እንደ ትኩስ ድንች በአፋቸው እያገላበጡ ሥራ ገቡ፣ እዚያ ሆቴሉ መቀበያ የምትሠራውን ተማሪ ሐዊን ጥግ ያዟት።

«ሐዊዬ፣ ቫይስ ምንድን ነው?»

«ቫይስ? ሶ... ማለቴ፣ ባድ ሐቢት ነው፣ እትዬ። ላይክ ቁማር፣ መጠጥ፣ ሴት።»

«አንድ ሰው ስንት ሊኖረው ይችላል?»

«አይ ዶንት ኖው። አንድ፣ ሁለት?»

«አሥራ አንድስ?»

ሐዊ የያዘችውን ቁልፍ አስቀመጠች። «አሥራ አንድ? እትዬ፣ ፖሊስ ኮል ያድርጉ።»

ወይዘሮ ፀዳለ ፖሊስንም ስለሚጠረጥሩ ኮል አላደረጉም። ቅዳሜ ሲደርስ ባላቸውን ከነሻትላቸው አስነሱና ማቲዎስን እስከ ፋርመርስ ብራንች ተከተሉት። ሻትሉ ጎኑ ላይ አውሮፕላን የተሣለበት ነጭ ቫን ነው፣ ለስለላ የሚመች አይደለም። መጋዘኖቹ ፊት ለፊት ተደብቀው ሳሉ እንኳ አንድ ሻንጣ የያዘ ሰው መስኮቱን አንኳኩቶ «ኤርፖርት ነው?» አላቸው። አቶ ኃይለ ማርያም ሊጭኑት ነበር።

«ኃይሌ! የልጅህ ሕይወት ነው!»

«ሰውዬው እኮ ረፍዶበታል።»

በዚህ መካከል ከመጋዘኑ ውስጥ የሚፈገፈግ ነገር ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ኳ። ከዚያ ደግሞ ማቲዎስ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ለሆነ አካል፣ «ኮም ኦን ቤቢ» ሲል ተሰማ።

ወይዘሮ ፀዳለ ከቫኑ እንዴት እንደወረዱ እስከ ዛሬ አያውቁትም። ግማሽ የተከፈተውን የመጋዘን በር በትከሻቸው ከፍ አድርገው ገቡ።

«የታሉ?!»

ማቲዎስ ጎማ ጓንት እንዳጠለቀ፣ የሽቦ ብሩሽ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። «እነማን?»

«ቫይሶቹ! አሥራ አንዱም! ሰምቻለሁ!»

የልጁ ፊት ይጠቁራል ብለው ጠብቀው ነበር። በራ። እስከዚያ ቀን ድረስ እነሱን አሳየኝ ብሎ የመጣለት ሰው አልነበረምና።

«ሪሊ? ማየት ትፈልጊያለሽ? ሶሪ፣ ይፈልጋሉ?» ብሎ በክንዱ ወደ ግድግዳው አመለከተ። ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ ላይ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ፣ በግራጫ ተቀብተው፣ መንጋጋቸውን ገጥመው፣ አሥራ አንድ የብረት ማሰሪያዎች እንደ ማኅበርተኛ ተደርድረዋል። አሥራ ሁለተኛ ቀሪ ያለ ይመስላል።

ወይዘሮ ፀዳለ ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። «ይኼ እኮ ሞርሳ ነው።»

«ምን?»

«ሞርሳ! አናጢ እንጨት የሚያስርበት፣ መካኒክ ብረት የሚያስርበት! ሞርሳ ነው እንጂ ምን ቫይስ ነው!»

«ኦኬ፣ ያ! በእንግሊዝኛ ቫይስ ነው የሚባለው። ባድ ሐቢትም ቫይስ ነው፣ ግን በሌላ ስፔሊንግ። ማርያማዊትም እኔም በአማርኛ አናውቀውም ነበር። ሞርሳ።» ቃሉን ቅባት እንደነካው ብሎን ሦስት ጊዜ አዞረው። «ሞርሳ። ሞር-ሳ። ዋው።»

ስትሪፕ የሚደረገው ለካ ያረጀ ቀለሙ ነው። ኮምጣጤ ውስጥ የሚያድረው ዝገቱ እንዲለቅ ነው። ቤቢ የተባለችው አልከፈት ያለች ብሎን ናት። ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ የሰማንያ ዓመት አሮጊት ናቸው፣ የባላቸው ሞርሳ ለቁራሌ ከሚሄድ ብለው የሰጡት። ቫኑ ውስጥ የቀሩት አቶ ኃይለ ማርያም ይህን ሲሰሙ የሳቁት ሳቅ መሪው ላይ ጥሏቸው ጥሩምባውን አስጮኸው።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል። ወይዘሮ ፀዳለ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እሺ፣ ሞርሳ ነው። ስንት እጅ አለህና ነው አሥራ አንድ የሚያስፈልግህ? ምን ታስርበታለህ?»

ማቲዎስ አሰበ። «ሌላ ሞርሳ። አንዱን ስጠግን በአንዱ ነው የማስረው።»

«ከጠገንከው በኋላስ?»

«አስቀምጠዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«...አየዋለሁ።»

«የሆነ ነገርማ አለ» አሉ፣ ግን ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። ተነስተው አንዱን ከአንዱ እየዞሩ ማየት ጀመሩ። «ይኼ ምን ሆኖ ነው?»

«እሱ ትንሽ ተሰንጥቋል። የሸጠልኝ ሰውዬ አላየውም ነበር።»

«ይኼስ?»

«እሱም። ሰውዬው አላየውም።»

«ስንቱ ነው ስንጥቅ?»

«ሰባቱ።»

«ሰባቱም ሻጮች አላየንም አሉህ?»

«ጥሩ ሰዎች ናቸው እኮ፣ እትዬ። ሁሉም ሶሪ ብለውኛል።»

ወይዘሮ ፀዳለን ያን ጊዜ የያዛቸው ፍርሃት ቁማርም ሴትም ሲጠረጥሩ ያልያዛቸው ነው። ዞረው ወደ ቫኑ አዩ። ባላቸው ያን ባለሻንጣ ሰውዬ፣ ተመልሶ መጥቶ ኖሮ፣ የራሳቸውን ውሃ እያጠጡት ነው። እንደገና ወደ ልጁ አዩ። ሌላ ኃይለ ማርያም! ልጃቸው ከዓለም ሕዝብ ሁሉ መርጣ ያመጣችው ሌላ ኃይለ ማርያም ነው!

በዚህ ጊዜ የማቲዎስ ስልክ ጮኸ። አንብቦ ዘለለ። ሁለት ዓመት ሲፈልገው የኖረው ዓይነት ሞርሳ፣ ያውም አዲስ ተቀብቶ፣ ግሬፕቫይን አንድ ሰው ጋራዥ ውስጥ ተገኝቷል። «አሁኑኑ መሄድ አለብኝ። ሰውዬው በጣም ናይስ ነው፣ ስንጥቅ የለውም ብሎኛል!»

«ብሎኛል?» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ ቦርሳቸውን አንስተው። «መኪናህን ክፈት። አብሬህ ነው የምሄደው።»

ሻጩ ባለ ሰፊ ባርኔጣ፣ ባለ ሰፊ ፈገግታ ሰው ነው። ገና ከመኪና ሲወርዱ ሎሚናት በበረዶ አቀረበ።

«ማን ጠየቀው?» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ በአማርኛ።

«እትዬ፣ ፕሊስ። እንግዳ መቀበል ነው።»

ሞርሳው ጠረጴዛ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ማቲዎስ ልጁን ከትምህርት ቤት እንደሚቀበል አባት እጁን ዘርግቶ ሄደ። ወይዘሮ ፀዳለ ሞርሳውን አላዩትም። ሰውዬውን ነው የሚያዩት። ከአንዱ ጥግ አልንቀሳቀስ ብሏል።

«ለምን ቀባኸው በለው።»

«እንዲያምር ነዋ፣ እትዬ።»

«ጠይቀው አልኩህ እንጂ መልስልኝ አላልኩህም።»

ማቲዎስ እያፈረ ጠየቀ። ሰውዬው እንዲያምር ነው አለ።

«ያላማረው የቱ ጋ ነበር በለው።»

ይህን ጥያቄ ማቲዎስ ሊተረጉመው አልቻለም፤ ሰውዬው ግን ሳይተረጎምለት የገባው ይመስል ሌላ ሎሚናት ሊቀዳ ተነሳ። ከጥግ በተነሳባት ቅጽበት ወይዘሮ ፀዳለ እሱ የቆመበት ቦታ ሄደው ቆሙ፣ የቤታቸውን ቁልፍ አወጡና በግድግዳው በኩል ያለውን የሞርሳውን ጎን ጫር አደረጉት።

«እትዬ! በጣም ሩድ ነው!»

ሰማያዊው ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ከሥሩ፣ ከአፍ እስከ ወገብ፣ በነሐስ የተበየደ ስንጥቅ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ባለባርኔጣው አቀርቅሮ አየና ሰፊ ፈገግታውን ሰብሰብ አደረገ።

«ኦህ፣ አይ ዲድንት ሲ ዛት።»

ይህን «አላየሁም» ወይዘሮ ፀዳለ ያለ አስተርጓሚ ሰሙት። «ስምንተኛው!» አሉና ሎሚናቱን ሳይነኩ ወጡ።

በመንገድ ላይ ማቲዎስ፣ መሪውን እንደያዘ፣ «ግን እኮ ብዙ ነው የሳቀልኝ» አለ።

«እኔ ስቄልህ አውቃለሁ?»

«ኖ።»

«እንግዲያው።»

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። መሪያቸው አቶ ታዲዮስ በሰሜን ቴክሳስ ያልመለሱት እምቢታ የለም፤ ከወይዘሮ ፀዳለ ቤት ግን በአንድ ጊዜ አይወጣም ብለው ለሦስት ምልልስ ተዘጋጅተው ነው የመጡት። ማርያማዊት ጓዳ ሆና፣ ዛሬ በተራዋ ከበሩ ጀርባ፣ ሳህን እንደያዘች ጆሮዋን አቁማለች። አቶ ታዲዮስ ስለ ልጁ ጨዋነት፣ ስለ ወላጆቹ፣ ስለ ጸባዩ ተናገሩ። አቶ ኃይለ ማርያም ገና «ልጃችሁ» ሲባል እንባቸው መጥቷል። ሁሉም ወደ ወይዘሮ ፀዳለ ዞረ።

«እሺ ብለናል» አሉ። «ቀጠሮም አያስፈልግም። ሠርጉ ቶሎ ይሁን።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ታዲዮስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወይዘሮ ፀዳለ፣ መቼም ለክፉ አይደለም... ከልጁ ያዩት፣ እኛ ያላየነው ነገር አለ?»

«ምን ይኖራል?»

«እንዲያው እርስዎ በአንድ ጊዜ እሺ ሲሉ...»

«አቶ ታዲዮስ፣ ልጁ የነገሩትን ሁሉ ያምናል። እስከ ፋሲካ እንቆይ ብንል ቴክሳስ ውስጥ ያለ ስንጥቅ ብረት በሙሉ እሱ መጋዘን ገብቶ ያልቃል። በቶሎ ቤታችን ይግባና ዓይኔ ሥር ይዋልልኝ።»

ጓዳ ውስጥ አንድ ሳህን ወድቆ ተሰበረ። ማንም አልተቆጣም።

ምርቃቱ አልቆ፣ ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አድርገው ሲወጡ፣ አቶ ታዲዮስ ወደ ኋላ ቀሩ። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቅዳሜ ልጄ ናሆም ያገለገለ መኪና ሊገዛ ነው። ሻጩ በጣም ጥሩ ሰው ነው ይለኛል። ቢመችዎት... እንዲያው አብረውት ብቅ ቢሉለት።»

ወይዘሮ ፀዳለ በሩን ይዘው ከእግር እስከ ራሳቸው አዩአቸው።

«ለምን እኔን?»