ፍሬኔ ያለቀው ሽማግሌ የላክሁ ቀን ነው

ሽማግሌ ልኮ ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ የገባ ሰው ታውቃላችሁ? እነሆኝ!

ዛሬ አንድ ልጅ እዚሁ ገጽ ላይ የትንሽ መኪና ፍሬን ስንት ጊዜ እንደሚያገለግል ጠየቀ። ኮሜንቱ ሁሉ በኪሎሜትር መለሰለት። እኔ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ፊቴ ጋለ።

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም የምጽፍ፣ አንዲት አሮጌ ቮልስ ያለችኝ ጎረምሳ ነበርኩ። ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ ቁልቁለቱን ሁሉ ማርሽ አላቅቄ በፍሬን ብቻ እወርዳለሁ። ትንሽ መኪና ምን ክብደት አላት፣ ፍሬኗ አያልቅም ባይ ነበርኩ።

ፍሬኗ ግን አስጠንቅቆኛል። አትላስ ጋ በቆምኩ ቁጥር ሲጥጥ! ብረት ብረትን ሲፍቅ።

ታዲያ ምን አደረግኩ?

ግጥም ጻፍኩለት።

ላገባት የፈለግኳት የራሄል አባት ጉርድ ሾላ ሱቅ ያላቸው፣ ቁጥብ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸውን የሚጠይቁልኝን ሦስት ሽማግሌዎች ቮልሷ ውስጥ ጠቅጥቄ ሄድኩ። ወጉን ታውቃላችሁ፤ ልጁ በዚያ ቀን በዚያ ደጅ አይታይም። ሐሳቤ ከቤታቸው በፊት ያለው መታጠፊያ ላይ አውርጃቸው ልሰወር ነበር።

መታጠፊያው ቁልቁለት ነው።

ረገጥኩ። ጮኸ። አልያዘም።

ለሽማግሌ ክብር ወለል ብሎ በተከፈተው የቆርቆሮ በር ዘው ብለን ገብተን፣ ለግንብ የተከመረ አሸዋ ውስጥ ተሰካን።

የሽማግሌዎቹ አፍ የነበሩት ጋሽ ደምሴ ከኋላ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ፣ «ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «አንተ መቆሙም አቃተህ።»

ራሄል በመስኮት አየችኝና መጋረጃውን ዘጋችው።

አባቷ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ፍሬኑን መቼ እንዳሠራሁት ጠየቁኝ። መኪናዋን ከገዛሁ ወዲህ አልነካሁትም አልኩ። ድምፅ አያሰማም ነበር ወይ አሉ። ያሰማ ነበር አልኩ።

«እየሰማህ ነው እነዚህን አባቶች የጫንክ? ነገ ልጄንስ?»

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ በታክሲ ተመለሱ።

የገጣሚ ጆሮ አለኝ እያልኩ እኮራ ነበር። ጆሮስ ነበረኝ። አንድን ነገር ከጻፍኩት በኋላ ግን የሠራሁት ይመስለኝ ነበር።

የፍሬኑን ሸራ አስቀየርኩና ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። አባቷ ራሳቸው ገብተው ፔዳሉን ደጋግመው ረገጡት። ከዚያ ሽማግሌዎቼን መልሼ እንድልክ ፈቀዱልኝ።

«በታክሲ» አሉ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ፍሬን የሚያገለግለው የነጂው ጆሮ እስከሚያገለግል ድረስ ነው። ዛሬም መኪናችን ሲጥጥ ስትል ራሄል ሬድዮኑን ትቀንስና፣ «ይሄኛው ወደ ጋራዥ ነው ወይስ ወደ ግጥም?» ትለኛለች።

ምን ልበላት?