ከአሸዋ የተሠራው ቺፕስ

[እስቲ ይችን ክፍል ተመልከቷት። ጎንደር አራዳ ያለች አንዲት ጌም ቤት ናት። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን፣ ፊት ለፊቱ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ በርጩማው ላይ ደግሞ የጌም ማሽኑ። ማሽኑ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። ዳንቴሉ ገበር ተሰፍቶለታል፣ ጎንና ጎኑ በሪባን ታስሯል፤ ሙሽራ ነው የሚመስለው። ባለቤቱ ማንያዘዋል ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ የማያውቀው ነገር የለም፣ ሁሉንም ስልኩ ላይ አንብቦታል። አጎቱ አያ ፋንታሁን ከኮሶዬ አንድ ጆንያ ድንች ይዘው መጥተዋል። ደጁ ላይ ከእሳቸው ድንች ችብስ የምትጠብሰው አልማዝ ዘይት ገዝታ እስክትመለስ እዚህ ይጠብቋታል። የደረስነው ሲጨቃጨቁ ነው።]

ማንያዘዋል፦ አያ፣ ጆንያውን ከገመዱ ላይ ያንሡልኝ ብያለሁ።

ፋንታሁን፦ አንተ ገመድህን ከጆንያው ሥር አውጣዋ።

ማንያዘዋል፦ የመብራት ገመድ እኮ ተነሥቶ አይሄድም።

ፋንታሁን፦ ድንችም አይሄድም። ምነው እኔን ብቻ ትቆጣለህ?

[ማሽኑ እንደ ወፍጮ አጓራ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ጨለመ።]

ማንያዘዋል፦ ይኸው፣ ሞተ። ዛሬ ብቻ አራተኛ ጊዜው ነው። ተጫዋቾቼ ሁሉ ሰልችቷቸው ሄዱ።

ፋንታሁን፦ ድንቼ ነው የገደለው?

ማንያዘዋል፦ አይደለም፣ ፕሮሰሰሩ አርጅቶ ነው። አንቱ ይኼን አያውቁትም፤ በቀላሉ ልንገርዎ፣ ቺፕ ነው።

ፋንታሁን፦ ችብስ።

ማንያዘዋል፦ ቺፕ። አንድ ሲሆን ቺፕ፣ ሲበዛ ቺፕስ።

ፋንታሁን፦ አልማዝ ግን ችብስ ነው የምትለው።

ማንያዘዋል፦ [ስልኩ ላይ ተደፍቶ] አልማዝ ስለ ቺፕ ምን ታውቃለች? አዲስ እየመጣ ነው። ለሚቀጥለው ትውልድ።

ፋንታሁን፦ ይኼኛው ትውልድ ጠግቦ ነው?

ማንያዘዋል፦ ይኼኛው አበቃለት። አዲሱ ሲወጣ የድሮውን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ፋንታሁን፦ እኔ እኮ ዘንድሮ ማሳዬን ሙሉ ነው የተከልሁት።

ማንያዘዋል፦ ምን ይደረግ፣ ዓለምን በሙሉ ነው የሚቀይረው።

ፋንታሁን፦ ለመሆኑ ከምንድን ነው የሚሠሩት?

ማንያዘዋል፦ ከአሸዋ።

[ፋንታሁን ጆንያቸውን ዐቀፉ።]

ፋንታሁን፦ ከአሸዋ።

ማንያዘዋል፦ ከንጹሕ አሸዋ። አቅልጠው ያጠሩታል፣ ከዚያ በስሱ ይቆርጡታል።

ፋንታሁን፦ ስሱ ምን ያህል ነው? የጣት ውፍረት?

ማንያዘዋል፦ የምን ጣት ያመጣሉ፤ ጣት ራሱ ከእሱ አጠገብ ግንድ ነው።

ፋንታሁን፦ ታዲያ እሳት ሲያገኘው አያርም?

ማንያዘዋል፦ [ቀና ብሎ] አያ፣ ለካ ሊቅ ነዎት። ኢንጂነሮቹም የተጨነቁት በዚሁ ነው። የቺፕ ጠላቱ ሙቀት ነው።

ፋንታሁን፦ ጨውስ?

ማንያዘዋል፦ የምን ጨው?

ፋንታሁን፦ ጨው ካልነሰነሱበት ማን ይበላዋል?

ማንያዘዋል፦ አያ፣ ይኼ እኮ የሚበላ አይደለም።

ፋንታሁን፦ እኔስ ምን አልሁ? አሸዋ አይበላም።

[ማንያዘዋል ግንባሩን ያዘ።]

ማንያዘዋል፦ የማሽን ቺፕ ነው የምልዎ። የማሽኑ አንጎል ማለት ነው። ከድንች ጋር አይተዋወቁም።

ፋንታሁን፦ [ጆንያውን ለቀቁ] ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ አትለኝም? ልቤ ቀጥ ሊል ነበር።

ማንያዘዋል፦ አዲሱ አሥራ ስድስት ኮር አለው ይባላል። አንጎሉ ውስጥ አሥራ ስድስት ሠራተኛ አለ እንበል። ሥዕሉ ከመጥራቱ የተነሣ የኳስ ተጫዋቹ ላብ አንድ በአንድ ሲወርድ ይታያል።

ፋንታሁን፦ ላብ ለማየት ነው ይኼ ሁሉ? አጨዳ ላይ መጥተህ ብታየኝስ?

ማንያዘዋል፦ አንቱን ማን በቴሌቪዥን ያይዎታል።

ፋንታሁን፦ እሱስ ልክ ነህ። ግን አዲሱን አይተኸዋል?

ማንያዘዋል፦ ገና አልወጣም።

ፋንታሁን፦ ያየው ሰው አለ?

ማንያዘዋል፦ መረጃው ሾልኮ ነው የወጣው። አንዱ ልጅ በቪዲዮ ቀይ ቀስት እያደረገ አሳይቷል።

ፋንታሁን፦ ቀስቱ ምን ላይ አረፈ?

ማንያዘዋል፦ ጥቁር ሣጥን ላይ። «ይኼን ሊመስል ይችላል» ይላል።

ፋንታሁን፦ ሊመስል ይችላል። እኔም ጢሜን ስላጭ ደጃዝማች ልመስል እችላለሁ።

ማንያዘዋል፦ አንቱ ይቀልዱ። የጌም ዕቃ የሚሸጠው ጌቾ አሁን ይደርሳል። ይኼን ማሽን ይወስድና ስሜን አዲሱን በሚጠብቁት ሰዎች ዝርዝር ላይ ያሰፍርልኛል። አንደኛ ተራ።

ፋንታሁን፦ ማሽኑን ሰጥተኸው? በዝርዝር?

ማንያዘዋል፦ አሮጌ ነዋ።

ፋንታሁን፦ አዲሱ እስኪመጣ ሰዉ በምን ይጫወታል?

ማንያዘዋል፦ ይጠብቃላ።

ፋንታሁን፦ አንተስ ምን ትበላለህ?

[ማንያዘዋል ስልኩ ላይ ተደፋ።]

ፋንታሁን፦ አሸዋ እንዳትለኝ ብቻ።

ማንያዘዋል፦ አያ፣ ቴክኖሎጂ ድፍረት ይፈልጋል።

ፋንታሁን፦ እሺ፣ አዲስ እየመጣ ነው ብሎ የነገረህ ማን ነው?

ማንያዘዋል፦ ጌቾ።

ፋንታሁን፦ ይኼኛው አርጅቷል ያለህስ?

ማንያዘዋል፦ ጌቾ።

ፋንታሁን፦ የሚወስደውስ?

ማንያዘዋል፦ ጌቾ... ነው።

ፋንታሁን፦ ለአንድ ሰው ሥራ አልበዛበትም?

ማንያዘዋል፦ ግን እኮ እየሞተ ነው። አሁን በዓይንዎ አይተውታል።

ፋንታሁን፦ መሞት የጀመረው መቼ ነው?

ማንያዘዋል፦ ከትንሣኤ ወዲህ። የአዲሱ ወሬም ያኔ ነው የተሰማው። ሰምቶ ተስፋ ሳይቆርጥ አልቀረም።

ፋንታሁን፦ ይኼን ቀሚስ ማን አለበሰው?

ማንያዘዋል፦ ቀሚስ አይደለም፣ ዳንቴል ነው። እጮኛዬ ዝናሽ አቧራ እንዳይገባበት ብላ በገዛ እጇ የሠራችልኝ።

ፋንታሁን፦ መቼ?

ማንያዘዋል፦ ለትንሣኤ።

[ሁለቱም ማሽኑን አዩት።]

ማንያዘዋል፦ አጋጣሚ ነው።

[ፋንታሁን እጃቸውን በዳንቴሉ ሥር ሰደዱ፤ ወዲያው መልሰው አወጡት።]

ፋንታሁን፦ በስመ አብ። ይኼ እኮ ፍም ነው። ስማኝ፣ አምና ድንቼን ብርድ እንዳይመታው ብዬ በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀመጥሁት። አላበው፣ ከዚያ ሸተተ። ጎረቤቴ ውድነህ ክረምቱን ሙሉ ሲስቅብኝ ከረመ።

ማንያዘዋል፦ ድንችና ፕሮሰሰር አንድ ናቸው ነው የሚሉኝ?

ፋንታሁን፦ ጠላቱ ሙቀት ነው ያልኸኝ አንተ ነህ። እኔ ጨው ነው ያልሁት።

ማንያዘዋል፦ ዝናሽ ትቀየመኛለች።

ፋንታሁን፦ ለቴሌቪዥኑ ኮፍያ አድርገው።

[ሪባኑን ፈቱት። ከዳንቴሉ ሥር፣ በማሽኑ ጎንና ጎን፣ መተንፈሻ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ማንያዘዋል እስኪበርድ በካርቶን አራገበለት። ከዚያ አበራውና የእግር ኳስ ጨዋታ ከፈተ። አንዱን መቈጣጠሪያ አጎቱ እጅ ላይ አኖረ። አምስት ደቂቃ ሆነ። አሥር ሆነ።]

ማንያዘዋል፦ [በዝግታ] ተጫዋቾቹ ዕረፍት ወጡ። ከትንሣኤ ወዲህ ዕረፍት ሲወጡ አይቼ አላውቅም።

ፋንታሁን፦ ማጓራቱም ቀርቷል። ቅድም ያቺን ጎል ያገባው ማን ነው?

ማንያዘዋል፦ አንቱ ነዎት።

ፋንታሁን፦ እኔ እኮ ጣቴን እያፍታታሁ ነበር። ሸጋ ነገር ነው።

[ጌቾ ባዶ ካርቶን ታቅፎ ገባ። ቴሌቪዥኑ መብራቱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።]

ጌቾ፦ ማኔ፣ እንዴት ነው? አሮጌውን ላንሣልህ?

ማንያዘዋል፦ እ... አያ?

ፋንታሁን፦ ጌቾ የሚሉህ አንተ ነህ? ሰላም ነው? ያ አዲሱ ቺፕ መቼ ነው የሚመጣው?

ጌቾ፦ በቅርብ ነው አባት። ሊቀድምም ይችላል።

ፋንታሁን፦ ሊዘገይስ?

ጌቾ፦ ሊዘገይም ይችላል።

ፋንታሁን፦ ላይመጣስ?

ጌቾ፦ [እየሣቀ] መረጃ አይደል፣ ያው...

ፋንታሁን፦ እኛ ዘንድ ደርሷል። ካርቶንህን አቅርብ።

[ከጆንያው አንድ ድንች አውጥተው ካርቶኑ ውስጥ ጣል አደረጉ።]

ጌቾ፦ አባት፣ ይኼ ድንች ነው።

ፋንታሁን፦ የእኔው ገና አልተላጠም። ያንተው ገና አልታየም።

[ጌቾ ካርቶኑን እንደ ታቀፈ ወጣ። ማንያዘዋል የሚገባበት ቀዳዳ አጥቶ ጆንያውን ከገመዱ ላይ ራሱ አነሣው። እናንተ ደግሞ እዚያ ቆማችሁ አትሳቁበት። የሚሠራውን ዕቃ አፍናችሁ እየገደላችሁ፣ ማንም ያላየውን በስልክ ስታሞግሱ የምትውሉ ስንት ናችሁ? እባካችሁ፣ አሁኑኑ ተነሡና ቤታችሁ ያለውን ማሽን ዳንቴሉን ግለጡለት። ዝናሽ ከጠየቀቻችሁ ግን እኔ ነገርኋችሁ እንዳትሉ፣ አደራ።]