ሻማ ተሸክሜ ወደ ፀሐይ አገር

ሰው አሜሪካ ሁለት ዓመት ከኖረ የተቀረው ዓለም በሙሉ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ይመስለዋል። አትሳቁ... እናንተንም ነው! እኔማ አሥራ ስምንት ዓመት ስለኖርኩ በሽታው ጠንቶብኛል።

አትላንታ አጠገብ ኮሌጅ ፓርክ፣ እንግዳ የሚያመላልስ የሆቴል ሻትል አብሮኝ የሚነዳው ጋናዊው ክዋሜ፣ "ቫኬሽን ስንወጣ መንደሬን ላሳይህ፤ የመንደሩ አለቃ እንግዳ ይወዳሉ" ሲለኝ አንድ ነገር ብቻ አስጨነቀኝ። አለቃ ፊት ባዶ እጅ ይቀረባል? የሐበሻን ስም ላሰድብ? ለመሆኑ የገጠር ሰው ምን ይቸግረዋል? መብራት ነዋ! የሰፈሬን የክላርክስተንን ሱቆች ሻማ ጠራርጌ ሻንጣዬን ሞላሁ። ትንሽ ቦታ ብትተርፈኝ የቤታችንን መሳቢያ ገለበጥኩባት፤ የእጅ ባትሪው እንኳ አልቀረም።

"አንተ ሰውዬ፣ ለቤት አንድ እንኳ አስቀር!" አለች ባለቤቴ ወይንሸት።

"አሜሪካ መብራት ይጠፋል እንዴ?" አልኳት... ይህችን አፌን!

መንደሩ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። አለቃው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሕዝቡ ከብቧቸዋል። ጉሮሮዬን ጠርጌ ሻንጣዬን በክብር ከፈትኩ። ለካ ሙቀቱ ቀድሞኝ ገብቶ ኖሯል! ያ ሁሉ ሻማ ቀልጦ አንድ ሆኗል፤ ከመሃሉ የእሁድ ሱፌ አንድ እጅጌውን አውጥቶ "ያገር ያለህ!" ይላል።

"ምንድን ነው? ይበላል?" አሉ አለቃው በክዋሜ አስተርጓሚነት።

"ለጨለማችሁ ብዬ ነው..." ልል አፌን ስከፍት፣ ቦግ! ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ፀጉር ቤቱ ሳይቀር በራ። ቀና ብል ጣራው ሁሉ ሶላር ለብሷል! ሻንጣ ስጎትት አቀርቅሬ ስለገባሁ አላየሁትም።

"ሻማ መሆኑን ለምን አልነገርከኝም?" አለ ክዋሜ በሹክሹክታ።

"ሰርፕራይዝ ነበራ!"

ይኼኔ ስልኬ ጮኸ። ወይንሸት! አትላንታ ገና ከሰዓት በኋላ ነው።

"ነፋስ ዛፍ ጥሎ የሰፈሩ መብራት ጠፋ! ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ሥጋ ሊበላሽ ነው፣ ሊመሽብኝ ነው... ሻማዎቹን የት አደረግካቸው?"

"ጋና።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም... አሁን እንኳ አንድ ነው።"

"የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

አለቃው የፊቴን መጥቆር አይተው ምን እንደገጠመኝ ጠየቁ። መሬቱን እያየሁ፣ ቤቴ መብራት መጥፋቱን ተናዘዝኩ።

"ሚስትህ የትኛው መንደር ነው ያለችው?"

"አሜሪካ... አትላንታ።"

አለቃው ከንፈራቸውን መጠጡ። ሽማግሌዎቹም ተከትለው መጠጡ። ትንሽ ተመካከሩና አንድ የሶላር ፋኖስ አስመጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

"አይዞህ ልጄ" አሉኝ፤ "እኛም እንደናንተ ነበርን። ቀስ በቀስ ያልፍላችኋል።"

ሻማው ከነሱፌ እዚያው ቀረ። ፋኖሱ ግን ዛሬ ክላርክስተን በረንዳችን ላይ ተሰቅሏል። መብራት በጠፋ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ ሥሩ ይሰበሰብና "ከየት አመጣኸው?" ይለኛል።

"እርዳታ ነው" እላለሁ።