የእትዬ ትርንጎ ቀይ ሸራ ጫማ

ዛሬ የደረሰብኝን ውርደት ብነግራችሁ እኔን ማወቃችሁንም ትክዳላችሁ!

እናቴ አጋሚም የሚባለው ሰፈር አዲስ ቤት ገባች። ዛሬ ምረቃው ነበር። ዘመድ አዝማዱ ሳሎኑን ሞልቶታል፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ በነጠላ የተሸፈነ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። የኔ ሥራ ነው!

አፍሪዳር ሰፈር ባለው ማትናስ፣ በማኅበረሰብ ማዕከሉ፣ የፎቶሾፕ ኩርስ እንደጀመርኩ ታውቃላችሁ፤ ጆሯችሁ እስኪያማችሁ አውርቻለሁ። እማዬም ሰማችና "ከልጆቹ ጋር በተነሳነው የቤተሰብ ፎቶ ላይ እህቴን አጠገቤ አድርጊልኝ" አለችኝ።

እህቷ እትዬ ትርንጎ ጎንደር ናት። ዛሬም የመግቢያ ፈቃድ እየጠበቀች ነው። እማዬ ወደዚህ ስትመጣ "ቤት ሳገኝ አብረሽኝ ትኖሪያለሽ" ብላ ቃል ገብታላት ነበር። ቤቱ ተገኘ፣ ትርንጎ ግን የለችም። እስክትመጣ ግድግዳው ላይ ትግባ ነው ነገሩ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ያለን የትርንጎ ፎቶ ሁሉ ከወገብ በላይ ነው!

አስተማሪያችን "ቀላል ነው" አለኝ። "እያንዳንዱን ሰው በየራሱ ሌየር አድርጊው። ከላይ ያለው ሌየር የታችኛውን ይሸፍናል። አክስትሽን ከልጆቹ ኋላ አቁሚያት።"

አቆምኳት። እግር ምን ያደርግላታል? በዕብራይስጡ ኮል ሀካቮድ፣ ጎበዝ ለኔ!

እማዬ ስክሪኑን አየችና ፊቷ ጠቆረ።

"ታላቄን ከልጆች ጀርባ ወሸቅሻት?"

በሉ እናንተ መልሱላት!

ወደ ፊት አመጣኋትና ረጅም ቀሚስ ሠራሁላት። ለእግሯ የራሴን እግር ፎቶ አንስቼ ከቀሚሱ ሥር አስገባሁ። ጫማዬ ቀይ ሸራ ነው፣ ማሰሪያው ቢጫ። ምን ቸገረኝ፣ የቀሚሱ ሌየር ይሸፍነዋል ብዬ ነዋ!

ከዚያ ፊቷን አጉልቼ ሻሿን ሳሳምር ዋልኩ። እጄ መቼ የእግሩን ሌየር ወደ ላይ እንደጎተተው እኔ እንጃ። ሙሉውን መልሼ ሳላይ ለማተሚያ ቤት ላክሁት።

ፍሬሙን አምጥቶ የሰቀለው ወንድሜ ነው። አይቶ ዝም! "ፋሽን መስሎኝ" ይላል።

ነጠላው ተነሳ። እልልታው ተጀመረና መሃል ላይ ቀረ።

እትዬ ትርንጎ በሐበሻ ቀሚስ ቆማለች። ቀሚሱ ላይ ቀይ ሸራ ጫማ!

የእማዬ የአገሯ ልጅ ጋሼ አለምነው መነጽራቸውን አስተካከሉና "ምነው፣ ትርንጎ ኳስ ጀመረች እንዴ?" አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። የወንድሜ ሚስት ደግሞ "ቆይ፣ ይሄን ጫማ የት ነው የማውቀው?" አለችና ሁሉም ወደ እግሬ ዞረ።

አድርጌዋለሁ! ሌላ ጫማ የሌለኝ ይመስል!

እማዬ ብቻ አልሳቀችም። ፎቶው ድረስ ሄዳ ጫማውን በጣቷ ነካችው።

"እማዬ፣ ሰኞ አስተካክዬ እንደገና አሳትመዋለሁ" አልኳት።

"እንዳትነኪው!" አለችኝ። "ስንት ዓመት ሙሉ ግማሿን ነው የሚልኩልኝ። ዛሬ ገና ቆማ አየኋት። ይልቅ ጫማሽን አውልቂና በሩ ጋ አስቀምጪው፣ ስትመጣ ታድርገው።"

ሳቁ ጠፋ። አወለቅሁ። "ይሆናታል ግን? ቁጥሯ ስንት ነው?" አልኩ።

"ልጅ ሆነን ለሁለታችን አንድ ጫማ ነበረን። በተራ ነበር የምናደርገው" አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ እያያት ቀዩን ጫማ አጠለቀችው። ቢጫውን ማሰሪያ እኔ አሰርኩላት።

ልክ ሆነ። ተነስታ ሳሎኑን አንድ ጊዜ ዞረችበት፣ ከዚያ አውልቃ በሩ ጋ ጎን ለጎን አስቀመጠችው። ጋሼ አለምነው እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

እኔማ በእማዬ የፕላስቲክ ሰንደል ከአጋሚም ቤቴ ድረስ እየተንሸራተትኩ መጣሁ። ሰው ሁሉ እግሬን ሲያይ ነበር!

እስቲ ፍረዱኝ፤ ኩርሱን አልፌያለሁ ወይስ ወድቄያለሁ?